የአትክልትና ፍራፍሬ የምግብ ደህንነት ሰርተፍኬት ሲፈለግ የሚሠሩ ስህተቶች፦ ለድሬና ለሐረር አምራቾች

በድሬዳዋ ዙሪያ፣ በሐረማያና በሐረርጌው ኮምቦልቻ የሚመረተው ቲማቲም፣ ካሮት፣ ሽንኩርትና ድንች ከፊሉ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ይራገፋል። ከፊሉ በደወሌ ወደ ጅቡቲ፣ በቶጎ ውጫሌ ወደ ሐርጌሳ ይሻገራል። በዚህ ገበያ ዋጋና መጠን ከተስማማ ነገሩ አለቀ። ወደ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ወይም ወደ አውሮፓ ልግባ ያለ ሰው ግን መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ «ሰርተፍኬት አለህ?» የሚል ነው።

ያኔ ብዙ ሰው ሲሚንቶ ሊገዛ ይሮጣል። ማሸጊያ ቤት ይገነባል፣ ነጭ ጋዋን ይሰፋል። ለሰርተፍኬቱ የሚፈትሸው ኦዲተር ሲመጣ ግን የሚጥለው ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ዕቃ ይሆናል፤ የውሃ ጎማው፣ ጆንያው፣ እስክሪብቶው፣ ጥግ ላይ የተጣለው የጫት ገረባ።

1. የዕፅዋት ጤና ወረቀትን የምግብ ደህንነት ሰርተፍኬት አድርጎ መያዝ

«እኛ ሰርተፍኬት አለን» ከሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ የሚያሳዩት ለኤክስፖርት የሚሰጠውን የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ነው። የሱ ሥራ ሌላ ነው። የሰብል ተባይና በሽታ ከአገር አገር እንዳይሻገር ይጠብቃል። በልቶት የሚታመም ሰው ይኑር አይኑር አይናገርም። አንድ ቲማቲም ይህን ወረቀትም፣ ሰው የሚያሳምመውን ሳልሞኔላ የተባለ ጀርምም ይዞ ድንበር መሻገር ይችላል።

ለአምራቹ በብዛት የሚጠየቀው ግሎባል ጋፕ የሚባለው የመልካም እርሻ አሠራር ሰርተፍኬት ነው። የአውሮፓ ቸርቻሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ዩሬፕጋፕ ብለው ጀመሩት፤ በ2007 የአሁኑን ስም ያዘ። ለማሸጊያ ቤት ደግሞ ሃሳፕ ወይም አይኤስኦ 22000 የሚባሉት የምግብ ደህንነት ሥርዓቶች ይጠየቃሉ። የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ገዢው ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ይጠይቁ፤ ቢቻል በጽሑፍ። ገዢ ያልጠየቀውን ሰርተፍኬት ማውጣት ብር መበተን ነው።

ግሎባል ጋፕ የሚሰጠው በሰብል ዓይነት ነው። ለቲማቲም ያወጡት ለቃሪያ አያገለግልም። በየዓመቱም ይታደሳል።

2. የጋለ ቲማቲም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መክተት

ይህን ረዘም አድርጌ ልጻፈው፤ ምክንያቱም ለጽዳት ተብሎ የሚሠራ ስህተት ነው።

ድሬ ላይ በቀትር የተለቀመ ቲማቲም እስከ ውስጡ ይግላል። እንደዚያው በርሜል ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲገለበጥ በፍሬው ውስጥ ያለው አየር ይኮማተራል። የተኮማተረው አየር በለቀቀው ቦታ ውሃ ይገባል። የሚገባውም ፍሬው ከተክሉ በተነቀለበት ጠባሳ በኩል ነው። በርሜሉ ውስጥ ጀርም ካለ አብሮ ይሳባል። ከዚያ በኋላ ላዩን ቢያጥቡት፣ ቢወለውሉት፣ በረኪና ቢያፈሱበት ውስጥ የገባውን አያገኙትም።

ነገሩ የወረቀት ሥጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው በሳልሞኔላ ታመመ። ምንጩ ሲፈለግ ከብራዚል የመጣ ማንጎ ሆኖ ተገኘ። ማንጎው የፍራፍሬ ዝንብን ለመግደል በሙቅ ውሃ ይነከራል፤ ቀጥሎ እንዲበርድ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባል። ጀርሙ ወደ ውስጥ የተሳበው በዚህኛው ውሃ ነው ተብሎ ይታመናል። ማንጎ ለሚያሽግ የሐረርና የድሬ ሰው ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በጠዋት ይልቀሙ። የተለቀመውን ወዲያው ጥላ ውስጥ ያስገቡ። ማጠብ ካለብዎት ውሃው ከፍሬው ውስጥ ሙቀት በ5 ዲግሪ ያህል ይብለጥ፤ የሚወጋ ቴርሞሜትር ገዝተው ፍሬውንም ውሃውንም ይለኩ። ለነገሩ ብዙውን ጊዜ ባይታጠብ ይሻላል። አቧራውን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ መጥረግ በቂ ከሆነ ውሃውን ምን አመጣው?

አጥባለሁ ካሉ በረኪና በግምት አይፈስም። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ክሎሪን የሚል ከሆነ፣ በ20 ሊትር ውሃ 40 ሚሊ ሊትር ሲጨመር 100 ፒፒኤም (በሊትር 100 ሚሊግራም) ገደማ ይሆናል። ሽታ ወይም ሳሙና የተቀላቀለበትን ዓይነት አይጠቀሙ። አፈርና ቅጠል ሲገባበት ክሎሪኑ እነሱ ላይ ያልቃል፤ ስለዚህ ጠዋት የተቀላቀለው ውሃ ከሰዓት ተራ ቆሻሻ ውሃ ነው። በየጊዜው በመለኪያ ወረቀት ይለካል፣ ይጻፋል፣ ይቀየራል።

አንድ የድሬ ጣጣ አለ። ውሃችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ጠንካራ ውሃ ነው። ክሎሪን ደግሞ ደህና የሚሠራው ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ6.5 እስከ 7.5 ባለው ውስጥ ሲሆን ነው፤ በረኪናው ራሱ ፒኤችን ወደ ላይ ይገፋል። መጠኑን በትክክል ቀላቅለው ፒኤች ካልለኩ ግማሽ ሥራ ነው የሠሩት። ከፍ ብሎ ካገኙት ግን አሲድ በራስዎ አይጨምሩ፤ ባለሙያ ያማክሩ። አሲድና በረኪና ያለ ልክ ከተገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

የመስኖውም ውሃ ይመረመራል። እንጨት ተደግፎ ለሚያድግ ቲማቲም በቦይ የሚሄድ ውሃ አንድ ነገር ነው፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ከላይ የሚረጭ ውሃ ሌላ። የከተማ ፍሳሽ ከሚቀላቀልበት ወንዝ ስበው ሰላጣ የሚያጠጡ ከሆነ ሰርተፍኬቱን ለጊዜው ይርሱት።

3. ለጫት የተገዛውን ፀረ ተባይ ለአትክልት መርጨት

በእኛ አካባቢ ጫትና አትክልት ጎን ለጎን ነው የሚያድጉት። መርጫውም አንድ፣ ረጪውም አንድ፣ ጠርሙሱም አንድ ይሆናል። ኦዲተሩ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ኬሚካሉ ለዚህ ሰብል ተመዝግቧል ወይ ብሎ ነው። አገር ውስጥ የፀረ ተባይ ምዝገባ የሚመራው በአዋጅ ነው። መለያው ላይ የሰብሉ ስም ከሌለ፣ ሻጩ «ይሠራል» ቢል አይረዳዎትም።

ሌላው የመጠበቂያ ቀን ነው። ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት መለያው ላይ ተጽፏል። ቲማቲም ችግሩ አንዴ ተለቅሞ አያልቅም፤ በየጥቂት ቀኑ ይለቀማል። መለያው 7 ቀን ጠብቅ ካለና እርስዎ በ4 ቀን የሚለቅሙ ከሆነ በየዙሩ ሕጉን እየጣሱ ነው። ስለዚህ ለቀማ ከተጀመረ በኋላ የሚረጨው መጠበቂያው አጭር የሆነው ብቻ ይሁን።

አውሮፓ ውስጥ የተለየ ገደብ ላልወጣለት ኬሚካል የሚፈቀደው ቅሪት በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ነው። በአንድ ቶን ቲማቲም 10 ሚሊግራም ማለት ነው። ትናንት ጫት ላይ የዋለና በደንብ ያልታጠበ መርጫ፣ ወይም ከጎረቤት ማሳ በነፋስ የመጣ ብናኝ ይህን ሊያልፍ ይችላል። ለአትክልት የራሱ መርጫ ይኑረው። ጎረቤትዎንም ያነጋግሩ፤ መቼ እንደሚረጭ ቢነግርዎት እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

4. በማዳበሪያ ጆንያ ማሸግ

ዩሪያ የነበረበት ጆንያ ቢታጠብም ምግብ አይያዝበትም። አለቀ። የፀረ ተባይ ጀሪካንማ አይነሳ።

5. ማሸጊያ ቤት ውስጥ መቃም

እዚህ ላይ አቦ፣ እውነቱን እንነጋገር። ከሰዓት ሠራተኛው ይቅማል። ደንቡ ደግሞ ምርት በሚነካበትና በሚታሸግበት ቦታ መብላት፣ ማኘክ፣ ማጨስና መትፋት ይከለክላል። ጫት አፍ ውስጥ ያለ ሰው እጁ ከአፉ አይርቅም፤ ያው እጅ ቲማቲም ይመርጣል። ገረባው ሚዛኑ ስር ከተገኘ «የኛ አይደለም» ማለት ውሃ አያነሳም።

ግድግዳ ላይ «መቃም ክልክል ነው» ብሎ ለጥፎ መተው ግን አይሠራም። ሁሉም ከሳጥን ጀርባ ይደበቃል። ያዋጣል ብዬ የማስበው ከማሸጊያው ውጭ ጥላ ያለው ቦታ መለየት፣ የእረፍት ሰዓት መቁረጥ፣ መመለሻው በር ላይ ደግሞ ውሃና ሳሙና ማስቀመጥ ነው። ማሸግን ወደ ጠዋት ማዞር ከተቻለ የቲማቲሙም የሙቀት ጉዳይ አብሮ ይቃለላል።

መጸዳጃ ቤትም እንዲሁ። በግሎባል ጋፕ ሲሠራበት የቆየው መለኪያ ለቃሚው በ500 ሜትር ወይም በ7 ደቂቃ ውስጥ የሚደርስበት መጸዳጃ ነው። ማሸጊያው አጠገብ ያማረ ሽንት ቤት ሠርቶ ማሳ ውስጥ ያሉትን ሃያ ለቃሚዎች መርሳት የተለመደ ነው።

6. ደብተሩን ኦዲት ሲደርስ መሙላት

የእውነት የማሳ ደብተር መልኩ ያስታውቃል። ጫፉ ተልጧል፣ ጭቃ ነክቶታል። አንዱ ገጽ በሰማያዊ፣ ሌላው በጥቁር፣ አንዳንዱ በእርሳስ ተጽፏል። ስህተት ተሰርዞ ጎኑ ላይ ተስተካክሏል። በአንድ ሌሊት የተሞላው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድም ስርዝ የለም። ኦዲተር ይህን ለማወቅ መነጽር አያስፈልገውም። የርጭቱን ቀን ከኬሚካሉ መግዣ ደረሰኝ ጋር ሲያስተያየው ደግሞ ከመገዛቱ በፊት የተረጨ ሆኖ ይገኛል።

በግሎባል ጋፕ አዲስ አመልካች ከኦዲቱ በፊት ቢያንስ የ3 ወር መዝገብ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ሲሚንቶ ከመግዛትዎ በፊት ደብተር ይግዙ። ረጪው መጻፍ ካልቻለ የሚጽፍለት ሰው ይመደብ፤ በዚያው ቀን።

7. በቡድን ገብቶ አባላትን አለማየት

አነስተኛ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው አንድ ሰርተፍኬት ማውጣት ይችላሉ። ወጪው ይከፋፈላል። በምትኩ ግን ማኅበሩ ራሱ እያንዳንዱን አባል በየዓመቱ መፈተሽ አለበት። የውጭው ኦዲተር የሚጎበኘው የአባላቱን ቁጥር ካሬ ሥር ያህል ነው፤ 100 አባላት ቢኖሩ 10። በዕጣ የወጣው ገበሬ ስለ መጠበቂያ ቀን ሰምቶ የማያውቅ ከሆነ፣ የማኅበሩ ቁጥጥር የይስሙላ ነበር ማለት ነው፤ ጣጣው ለመቶዎቹም ይተርፋል።

8. ወረቀቱ ከተሰቀለ በኋላ መተኛት

እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚገኝ አንድ የሜሎን እርሻ በኦዲት 96 ነጥብ አምጥቶ «እጅግ የላቀ» ተባለ። በዚያው ሰሞን ከዚያ ማሸጊያ ቤት የወጣ ሜሎን ሊስቴሪያ በሚባል ጀርም ሰው መታ፤ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች ሲገቡ ወለሉ ላይ የተኛ ውሃ፣ ለማጽዳት የማይመች ማሽንና ቀድሞ ድንች ይታጠብበት የነበረ መሣሪያ አገኙ።

ኦዲተር ያየው የመጣበትን ቀን ነው። ግሎባል ጋፕ ከሰርተፍኬት ባለቤቶቹ 10 በመቶ ያህሉን ሳያሳውቅ ይጎበኛል፤ ቀሪው ዓመት የእርስዎ ነው። ወለሉ ላይ ውሃ የሚቋጥርበትን ቦታ ይፈልጉና ይድፈኑት።

9. የላኩትን ማስመለስ አለመቻል

ጅቡቲ ያለው ገዢ ደውሎ «ሳጥኑ ውስጥ ችግር አለ» ቢል ከየትኛው ማሳ፣ በማን፣ መቼ ተለቅሞ እንደሄደ መናገር ይችላሉ? ከሦስት ገበሬ የመጣ ቲማቲም አንድ ክምር ላይ ተገልብጦ ከታሸገ አይችሉም። ያኔ የሚመለሰው ችግር ያለበት ሳጥን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ኢሱዙ ነው።

ሙከራ ያድርጉ። የተላከ አንድ ሳጥን ይምረጡና ወደ ኋላ እስከ ማሳው፣ እስከ መጨረሻው ርጭት፣ ወደ ፊት ደግሞ እስከ ገዢው ይከተሉት። ብዙ ማሸጊያ ቤቶች በ4 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ይጠየቃሉ። ሳጥኑ ላይ የገበሬው ኮድና የለቀማው ቀን በማይለቅ ማርከር ተጽፎ ከሆነ ከሻይ ሰዓት አያልፍም። ሙከራውን ራሱንም ደብተር ላይ ያስፍሩት፤ ኦዲተሩ ይጠይቃል።