በሆላንድ ወንዝ ዳር መንደር ቤት እንዴት እንከራይ? ከፍለጋ እስከ ቁልፍ ርክክብ

ከኔይሜኸን ወደ ቲል በሚፈሰው የዋል ወንዝ ግራና ቀኝ እንደ ኦኽተን፣ ዶደዋርድ፣ ድሩተንና ቤኔደን-ሌዩወን ያሉ ትንንሽ መንደሮች አሉ። አምስተርዳም ወይም ዩትሬኽት ቤት ያጣ ሰው ዓይኑን ወደዚህ ቢጥል አይፈረድበትም። ከተማ ውስጥ የሚያስጨንቀው ዋጋ ነው፤ ወንዝ ዳር ግን ከዋጋው የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ቤቱ በሕግ መኖሪያ ነው ወይ? ወለሉ ሥርስ ምን አለ? ኋላ የሚቸገሩት እነዚህን ሳያጣሩ የፈረሙ ሰዎች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ፍለጋውን በሦስት በኩል ጀምሩ

አንደኛ፣ የማኅበራዊ ቤት ድርጅቶች (ዎኒንግኮርፖራሲ) በጋራ በሚጠቀሙበት የክልሉ ድረ ገጽ ላይ ተመዝገቡ። በአርንሄምና በኔይሜኸን ዙሪያ ይህ ድረ ገጽ ኤንትሬ ይባላል። ወረፋው በዓመት የሚቆጠር ስለሆነ አሁን ባትፈልጉትም ዛሬውኑ ተመዝገቡ። ሁለተኛ፣ የግል ቤቶችን በፉንዳና በፓራሪዩስ የቤት ማስታወቂያ ድረ ገጾች ተከታተሉ። ሦስተኛው አፍ ለአፍ ነው፤ መንደር ውስጥ ይህን የሚያክል የለም። በሱፐርማርኬቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ በመንደሩ የፌስቡክ ገጽ ላይ ጻፉ፣ ለእግር ኳስ ክለቡ ሰዎችም ንገሩ። የእርሻ ቤቱን ጎን አድሶ የሚያከራይ ገበሬ ፉንዳ ላይ አይወጣም።

በሴኦኣ (በጥገኝነት ጠያቂዎች መቀበያ ድርጅት) ካምፕ ሆነው የመኖሪያ ፈቃድ ላገኙ ወገኖች መንገዱ ሌላ ነው። ወደ አንድ ኽሜንተ (የአካባቢ መስተዳድር) ይመደባሉ፤ የሚቀርብላቸውም አንድ ቤት ነው። ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ያለ ሰው ካምፑን ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ ለእነሱ ከዚህ ጽሑፍ የሚጠቅማቸው ከአራተኛው ደረጃ ጀምሮ ያለው ነው።

የግል አከራዮች ብዙ ጊዜ የኪራዩን ሦስት እጥፍ ያህል ያልተጣራ የወር ገቢ ይጠይቃሉ። የአሠሪ ደብዳቤ፣ የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀትና የቀድሞ አከራያችሁን ደብዳቤ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። የመታወቂያ ቅጂ ስትልኩ በመንግሥቱ ኮፒ-ኢዴ መተግበሪያ ቤኤስኤን የሚባለውን የዜጋ መለያ ቁጥር ሸፍኑ፣ ለምንና ለማን እንደተላከም ቅጂው ላይ ይጻፍ። ባለቤቱ የቀጠረው ደላላ (ማኬላር) ከተከራይ የድለላ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ስሙን «የውል ዝግጅት» ቢለውም ያው ነው።

2. አድራሻውን መርምሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

በወንዙ ዳርና በአሸዋ ማውጫ ሐይቆቹ ዙሪያ የመዝናኛ ቤቶች ሞልተዋል። ከእንጨት የተሠሩ፣ ያማሩ፣ ዕቃ የተሟላላቸው ናቸው፤ ከሌላውም ርካሽ ሆነው ይገኛሉ። ርካሽ የሆኑት አብዛኞቹ ዓመቱን ሙሉ እንዲኖርባቸው ስላልተፈቀደ ነው። አከራዩ «እዚህ መመዝገብ ትችላላችሁ» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ኽሜንተው የነዋሪዎች መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው በተግባር የምትኖሩበትን ቦታ ነውና። ነገር ግን ተመዘገባችሁ ማለት መኖር ተፈቀደላችሁ ማለት አይደለም። የመዝገብ ክፍሉ ይመዘግባችኋል፤ የግንባታና የመሬት አጠቃቀም ክፍሉ ደግሞ ከወራት በኋላ «ልቀቁ፣ አለዚያ ቅጣት አለ» የሚል ደብዳቤ ሊልክ ይችላል። ሁለቱም የአንድ ሕንፃ ሰዎች መሆናቸው አያድናችሁም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ተመልከቱ። መጀመሪያ ባኽ ፊወር የሚባለውን ነፃ ካርታ ክፈቱና አድራሻውን አስገቡ። «ዎንፉንክሲ» የሚል ከሆነ ቤቱ እንደ መኖሪያ ተመዝግቧል፤ «ሎዢስፉንክሲ» ካለ ማረፊያ ነው፣ ተጠንቀቁ። ቀጥሎ በመንግሥቱ የመሬት አጠቃቀም ድረ ገጽ፣ በኦምኼቪንግስሎኬት፣ ላይ ያ መሬት ለምን እንደተመደበ እዩ። «ሬክሬያሲ» (መዝናኛ) የሚል ቃል ካገኛችሁ በቃል ማረጋገጫ አትመኑ፤ ለኽሜንተው ኢሜይል ጽፋችሁ «በዚህ አድራሻ ዓመቱን ሙሉ መኖር ይፈቀዳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡ። ሦስተኛ፣ ከካዳስተር (ከመሬት መዝገብ ቢሮ) ጥቂት ዩሮ ከፍላችሁ የባለቤትነት መረጃ አውጡ። ውሉ ላይ የሚፈርመው ሰው ስም ከባለቤቱ ስም ጋር ካልገጠመ ውክልናውን አሳዩኝ በሉ።

የመዝናኛ ቤት ውል ሌላም ጣጣ አለው። አንዳንዱ ውል ኪራዩ «በባሕርዩ አጭር» ነው ይላል። ይህ ሐረግ ተቀባይነት ካገኘ መደበኛ ተከራይ ያለውን ጥበቃ ታጣላችሁ፤ ማስወጣትም ሆነ ዋጋ መጨመር ይቀላል። ፍርድ ቤት በተግባር የኖራችሁበትን ሁኔታ ያያል፤ ያም ሆኖ ክርክር ውስጥ ከመግባት አለመፈረም ይሻላል።

ቤቱን ሳያሳይ ማስያዣ የሚጠይቅ፣ ውጭ አገር ነኝና ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ የሚል ሰው አጭበርባሪ ነው። ምንም ያህል ቢለሳለስ መልስ አትስጡት።

3. ዋጋውን በነጥብ አስሉት

ከ2024 ጁላይ 1 ወዲህ በተፈረሙ ውሎች ላይ ለቤቱ ነጥብ እየሰጠ የኪራዩን ጣሪያ የሚወስነው የነጥብ ሥርዓት መካከለኛውንም ኪራይ ይገዛል። እስከ 143 ነጥብ ያለው ቤት ዝቅተኛው ክፍል ነው፤ ከ144 እስከ 186 መካከለኛው፤ 187ና ከዚያ በላይ ነፃ ገበያ። በ2025 የዝቅተኛው ክፍል የወር ኪራይ ጣሪያ 900.07 ዩሮ፣ የመካከለኛው 1,184.82 ዩሮ ነበር፤ ቁጥሩ በየዓመቱ ይቀየራል። ነጥብ የሚሰጠው ለስፋት (ለመኖሪያ ክፍል በካሬ ሜትር 1 ነጥብ)፣ ለኃይል ደረጃ፣ ለማዕድ ቤትና መታጠቢያ እንዲሁም ለቤቱ የዎዝ ግምት (ኽሜንተው ለግብር የሚገምተው የቤቱ ዋጋ) ነው። ግምቱን በዎዝ ዋርደሎኬት ላይ ማንም በነፃ ያያል። ከ2025 ጃንዋሪ ጀምሮ አከራዩ የነጥቡን ስሌት ከውሉ ጋር ማያያዝ አለበት። እናንተም በሁርኮሚሲ (የኪራይ ክርክር በሚዳኘው አካል) ድረ ገጽ ባለው ማስያ ደግማችሁ አስሉት፤ ያላችሁት አስተማማኝ መሣሪያ እሱ ነው።

መንደር ላይ የሚያታልለው ወንዙን በሚከትረው የአፈር ግንብ (ዳይክ) ላይ ያለው አሮጌ ቤት ነው። የኃይል ደረጃው ከዝቅተኞቹ ኤፍ ወይም ጂ ከሆነ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ብሔራዊ ቅርስ (ራይክስሞኑመንት) ከሆነ ግን ኪራዩ ላይ 35 በመቶ፣ የኽሜንተው ቅርስ ከሆነ 15 በመቶ መጨመር ይቻላል። «ጥንታዊ ቤት ነው» የሚል ሁሉ በቅርስ መዝገብ ላይ የለም፤ ጠይቁ።

4. ቤቱን ስታዩ ከወለሉ ጀምሩ

ዳይክ ማለት ወንዙን የሚከትረው ከፍ ያለ የአፈር ግንብ ነው፤ መንገዱም ብዙ ጊዜ በላዩ ያልፋል። ወንዙ በብርዱ ወራት ሲሞላ ውኃው ዳይኩን ሳይዘል በሥሩ ባለው አሸዋ አልፎ ከኋላ በኩል በማሳው፣ በቦዩና በቤቱ ሥር ብቅ ይላል። ኗሪዎቹ ክቨል ይሉታል። ቤቱን በጁላይ ያየ ሰው ይህን አያይም።

ወለሉ ሥር ያለው ዝቅተኛ ባዶ ቦታ ክራይፕራውምተ ይባላል። መክፈቻው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭው በር ኋላ፣ ከምንጣፉ ሥር ነው። የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱና ይከፈትልን በሉ። በብርድ ወራት መጠነኛ ርጥበት ያለ ነው። የቆመ ውኃ፣ የተበሳበሰ እንጨት፣ በግድግዳው ላይ የውኃ ከፍታ የተወው ቡናማ መስመር ካያችሁ ግን አከራዩ ፓምፕ እንዳለውና የኤሌክትሪኩን ሂሳብ ማን እንደሚከፍል ጠይቁ። መክፈቻውን ለማሳየት እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

በዳይኩ ጎን ላይ የተሠራ ቤት ከመንገዱ በኩል አንድ ፎቅ፣ ከጓሮው በኩል ሁለት ፎቅ ይሆናል። የታችኛው ክፍል አንዱ ግድግዳ አፈር ላይ የተደገፈ ነው። ያንን ግድግዳ ከወለሉ አንስቶ እስከ ጉልበት ድረስ በመዳፋችሁ ዳስሱት። የሚረግፍ ልስን፣ ነጭ የጨው ዱቄት፣ ከታች ብቻ የተቀባ ትኩስ ቀለም ምልክቶች ናቸው። ግድግዳ ላይ የሚሰካ የርጥበት መለኪያ ለመግዛት አትድከሙ፤ ጨው ያለበት ልስን ላይ ከእውነቱ የበለጠ ቁጥር ያሳያል። ይልቅ ርካሽ የአየር እርጥበት መለኪያ ግዙ። ቤት ውስጥ ከ40 እስከ 60 በመቶ ደህና ነው፤ አየር እያስገባችሁም ከ70 በላይ የሚቆይ ከሆነ ሻጋታ ይመጣል። አከራይ «መስኮት ስለማትከፍቱ ነው» ማለቱ የታወቀ ነው። ቀን ያለበት ፎቶና የመለኪያው ቁጥር ካለ ሁርኮሚሲ ፊት ክርክሩ ይለወጣል፤ ማመልከቻው ለተከራይ 25 ዩሮ ነው፣ ከረታችሁ ይመለሳል።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ ጋዙ ከመንገድ መስመር ነው ወይስ ጓሮ ካለ የፕሮፔን ጋን? ጋኑ ከሆነ የሚሞላው ማን ነው? መስኮቱ አንድ መስታወት ነው ወይስ ሁለት? ፍሳሹ ከዋናው መስመር ተገናኝቷል?

የጎርፉን ነገር ኦፈርስትሮም ኢክ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ፖስት ኮዱን አስገብታችሁ እዩ፤ ዳይኩ ቢሰበር ውኃው ስንት ሜትር እንደሚደርስ ይነግራል። በ1995 ከዚህ የወንዝ አገር ወደ 250,000 ሰው ለጥንቃቄ እንዲወጣ ተደርጓል፤ ዳይኩ ግን አልተሰበረም፣ ከዚያ ወዲህም ተጠናክሯል። ልዩነቱ ቤቱ ከዳይኩ በወንዙ በኩል ሲሆን ነው። እዚያ ውኃ መግባቱ ያለ ነገር ነው፣ ጉዳቱም በራስ ኃላፊነት። የዕቃ ኢንሹራንስ (ኢንቡደል) ስትገዙ ከዋና ወንዝ የሚመጣ ጎርፍ ይሸፍን እንደሆነ አንብቡ፤ አብዛኛው አይሸፍንም።

5. መጓጓዣውን በእሑድ ቀን ፈትሹ

9292 መተግበሪያ ላይ የሥራ ቦታችሁን አድራሻ ሰኞ ጠዋት፣ ከዚያም እሑድ ማታ አስገቡ። ብዙ መንደር ያለው በበጎ ፈቃደኞች የሚነዳ ቡርትቡስ ነው፤ ስምንት ሰው ይይዛል፣ ቅዳሜና እሑድም ብዙውን ጊዜ አይሠራም። ድሩተንና ቤኔደን-ሌዩወን ባቡር የላቸውም። ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው የማዶ መንደር በመካከሉ ወንዝ አለ፤ ድልድዩ ሩቅ ነው፣ የእግረኛና የብስክሌት ጀልባ ደግሞ በበጋ ብቻ የሚሠራ ሊሆን ይችላል፣ ውኃው ሲበዛም ይቆማል። መኪና ለሌለው ሰው ይህ ከኪራዩ ይበልጣል።

6. ውሉ

ከ2024 ጁላይ 1 ወዲህ መደበኛው ውል የጊዜ ገደብ የለውም። ለተማሪና ለጥቂት ሌሎች ካልሆነ በቀር «የአንድ ዓመት ውል» አይሠራም። ባዶ ኪራዩ (የቤቱ ብቻ) እና የአገልግሎት ክፍያው ተለይተው ይጻፉ። ማስያዣው (ቦርኽ) ከሁለት ወር ባዶ ኪራይ አይበልጥም፤ ስትለቁ በ14 ቀን፣ የሚቀነስ ነገር ካለ በ30 ቀን ውስጥ ከዝርዝሩ ጋር ይመለሳል። ተከራይ በወር የሚከፍል ከሆነ ለመልቀቅ የአንድ ወር ማስታወቂያ ይበቃዋል።

«ካል» ተብሎ የቀረበ ቤት ባዶ ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ ሊሆን ይችላል፣ መጋረጃና አምፖል የለውም። የቀድሞው ተከራይ ወለሉን ግዙኝ ካላችሁ ዋጋውን ተከራከሩ፤ ከገዛችሁት ኃላፊነቱ የእናንተ ነው፣ ስትለቁም አከራዩ አንሡልኝ ሊል ይችላል። አከራዩ ወለሉ እንዲቀር ከተስማማ በጽሑፍ ያስፍረው።

7. ቁልፍ ስትረከቡና ከዚያ በኋላ

የጋዝ፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪዎቹን ፎቶ አንሡ፣ ቤቱንም ክፍል በክፍል በቪዲዮ ቅረጹ። የርክክቡን ወረቀት ሁለታችሁም ፈርሙ። መብራትና ጋዙን በስማችሁ አዙሩ፤ ውኃው ኼልደርላንድ ውስጥ የፊተንስ ነው።

ኽሜንተው ዘንድ ከመግባታችሁ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ጀምሮ ከገባችሁ በኋላ እስከ አምስት ቀን ድረስ አድራሻ ማስቀየር አለባችሁ፤ በመንግሥቱ የኢንተርኔት መግቢያ በዲጊዴ ይቻላል። የኪራይ ድጎማ (ሁርቱስላኽ) የምትጠይቁ ከሆነ ቤቱ የራሱ በር፣ ማዕድ ቤትና ሽንት ቤት ሊኖረው ይገባል። ማዕድ ቤቱን ከገበሬው ጋር የምትጋሩበት ክፍል አይቆጠርም።

ከዚያ ሁለት ሂሳብ ይመጣል፤ የኽሜንተው የቆሻሻ ክፍያና የአካባቢው የውኃ አስተዳደር፣ የዋተርስኻፕ ሪቪረንላንድ፣ ግብር። የውኃ ማጣሪያው ክፍያ ብቻውን ለሚኖር 1 አሃድ፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ ሰው 3 አሃድ ነው። ብቻችሁን ሆናችሁ ሂሳቡ 3 ካለ በስድስት ሳምንት ውስጥ ተቃውሞ (ቤዝዋር) አስገቡ። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ክቫይትስኸልዲንግ፣ ማለትም ምሕረት ጠይቁ።