ዲስኩ አልሄድ ሲል፦ ዕድሜው ገፋ ላለ የዲስክ ጎልፍ ተወዳዳሪ ችግርና መፍትሄ

የዲስክ ጎልፍ ሕግ ቀላል ነው። ከመነሻው ይወረውራሉ፣ ዲስኩ ካረፈበት ሄደው ደግመው ይወረውራሉ፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ እስኪገባ ድረስ። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ሃምሳን ተሻግሮ መወዳደር የጀመረ ሰው ግን አንድ አመል አለበት። ውጤቱ ሲበላሽ ጥፋቱን ሁሉ ክንዱ ላይ ይጭናል። «ድሮ ቢሆን ኖሮ…» ይላል፤ ከዚያ ሄዶ ፈጣን ዲስክ ይገዛል። እንደኔ አስተያየት ግን አብዛኛው ውርወራ የሚባክነው ቅርጫቱ አጠገብና ውሳኔ ላይ ነው። የጉልበት ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመቀየርዎ በፊት ለጥቂት ዙሮች (ዙር ማለት የሜዳውን ቅርጫቶች ሁሉ አንድ ጊዜ መጨረስ ነው) ማስታወሻ ይያዙ። የውጤት ወረቀቱ ዳር ላይ ለእያንዳንዱ ትርፍ ውርወራ አንድ ፊደል ይጻፉ። «መ» ከመነሻ፣ «አ» ከአቀራረብ (ዲስኩን ወደ ቅርጫቱ ሲያስጠጉ)፣ «ቅ» ከቅርጫት አጠገብ፣ «ው» ከውሳኔ። የትኛው ፊደል እንደበዛ ካዩ በኋላ ከታች ካለው የሚመለከትዎትን ይፈልጉ። ሁሉንም ባንዴ ለማስተካከል የሚሞክር ሰው አንዱንም አያስተካክልም።

ዲስኩ ሽቅብ ይወጣል፣ አየር ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ግራ ይወድቃል

(አቅጣጫው በቀኝ እጅ ባክሃንድ፣ ማለትም ክንዱን ደረቱ ላይ አሻግሮ በእጁ ጀርባ በኩል፣ ለሚወረውር ነው። ግራኝ ከሆኑ ይገልብጡት።)

ብዙዎች ይህን የጉልበት ማነስ ያደርጉታል። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። የዲስኩ የፊት ጠርዝ ቀና ብሎ ስለወጣ ነው። ጠርዙ ቀና ሲል አየሩ ሆዱን ይገፋዋል። ዲስኩ ይነሳል፣ ፍጥነቱን እዚያው ላይ ይጨርሳል። ፍጥነት ያጣ ዲስክ ደግሞ ወደ ግራ ማጋደሉ አይቀርም። በዚህ ላይ ጉልበት ቢጨምሩ ይበልጥ ከፍ ይላል እንጂ አይርቅም።

ለማረጋገጥ ስልክዎን በጎን በኩል ያቁሙና በዝግታ እንቅስቃሴ ይቅረጹ። ዲስኩ ከእጅዎ የሚወጣባትን ቅጽበት አስቁመው ጠርዙን ይዩት። የፊቱ ከኋላው ከፍ ካለ በሽታው ተገኘ ማለት ነው።

ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የእጅ አንጓዎ ወደ ላይ ታጥፏል፣ ወይ ክብደትዎ የኋላ እግር ላይ ቀርቷል። ለመጀመሪያው፣ ከጆግ ውሃ ሲቀዱ አንጓዎ እንዴት ወደ ታች እንደሚያዘነብል ያስቡ። ዲስኩን በዚያው አንጓ ይያዙት፤ አውራ ጣትዎም ከላይ ጠበቅ አድርጎ ይጫነው። ለሁለተኛው እርምጃዎን ያሳጥሩ። ወገቡ የደረቀ ሰው ሰፊ እርምጃ ወስዶ ክብደቱን ወደ ፊት እግር ማምጣት ይከብደዋል፤ በአጭር እርምጃ ግን ይችላል። ልምምዱን ቆመው በፓተር (ለቅርብ ውርወራ በተሠራው ዝግተኛ ዲስክ) ይጀምሩ። ፓተር ስህተትን አይደብቅም። ፓተሩ ቀጥ ብሎ መብረር ሲጀምር ብቻ ወደ ድራይቨር (ለሩቅ ውርወራ ወደተሠራው ፈጣን ዲስክ) ይመለሱ።

እዚህ ላይ የዲስክ ምርጫም ይመጣል። በአብዛኛው ዲስክ ላይ አራት ቁጥሮች አሉ፦ ፍጥነት፣ መንሳፈፍ፣ መዞርና መጨረሻ ላይ ማጋደል። የመጀመሪያው ቁጥር 12 የሆነ ድራይቨር እንደተጻፈበት እንዲበር ፈጣን ክንድ ይፈልጋል። ክንዱ ካልደረሰለት ገና በጊዜ ወደ ግራ ይሰበራል። በጥሩ ቀኑ 70 ሜትር የሚወረውር ሰው ፍጥነቱ 7 በሆነ ዲስክ ቢጫወት ይሻለዋል ባይ ነኝ። እኩል ይርቅለታል፤ የት እንደሚያርፍም ያውቃል። ክብደቱንም ከ175 ግራም ወደ 160ዎቹ ዝቅ ማድረግ ለክንድ እፎይታ ነው። ነፋስ ሲበረታ ግን ቀላል ዲስክ ያስቸግራል፤ ለዚያ ቀን አንድ ከበድ ያለ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ጠርዙ ልክ ነው፣ ርቀቱ ግን አልጨመረም

ቪዲዮውን አሁን ከኋላ ሆነው ይቅረጹ። ክንድዎ ደረትዎ ላይ ተጠቅልሎ፣ ራስዎን ያቀፉ ይመስላሉ? እንዲያ ከሆነ ዲስኩ የሚጓዘው በክብ መንገድ ነው። ጉልበቱ ያልቃል፣ አቅጣጫውም ይሳታል። የላይኛው ክንድ ከደረት ራቅ ብሎ ይቆይ፤ ክርኑ ይቅደም፤ ዲስኩ ደረትን ታክኮ በቀጥታ መስመር ይምጣ።

ትከሻው እንደ ወጣት የማይዞርለት ሰው በክንዱ ብቻ ወደ ኋላ ለመድረስ ይሞክራል፤ መጠቅለሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። የኋላ እግርዎን ትንሽ ወደ ኋላ ዞር አድርገው ያሳርፉት፣ ዳሌዎ ይከተለዋል፣ ትከሻዎም እንዲሁ። ዓይንዎ ለአፍታ ከዒላማው ቢነሳ ችግር የለውም። ከወረወሩ በኋላ ደግሞ የፊት እግርዎ በተረከዙ ይዙር። እግሩ ተተክሎ ከቀረ የጉልበት መገጣጠሚያዎ ነው የሚከፍለው።

ዲስኩ ሲወጣ ይርገበገባል

ከልክ በላይ እየታገሉት ነው። ፍጥነትዎን ይቀንሱ። ክንድዎ የሚሄድበትና ዲስኩ የተያዘበት ዘንበልታ አንድ ይሁን። በቃ።

ሲለማመዱ ይገባል፣ ውድድር ላይ ይስታል

ይህ ከሁሉም የሚያበሽቀው ነው፤ ከሁሉም በላይ ውጤት የሚያበላሸውም ይኸው ነው። ሰዎች «ነርቭ ነው» ብለው ያልፉታል። ነርቩ አለ፣ ግን ልምምዱም ውድድሩን አይመስልም። አንድ ቦታ ቆሞ አስር ዲስክ ተራ በተራ የሚወረውር ሰው ከሦስተኛው በኋላ እጁ ርቀቱን ለምዶታል። ውድድር ላይ ሁለተኛ ዕድል የለም። ተራመው ይደርሳሉ፣ ትንፋሽዎ ገና አልተመለሰም፣ አንዷን ፓት (ቅርጫቱ ውስጥ ለማስገባት የምትወረወረውን አጭር ውርወራ) ይወረውራሉ፣ አለቀ።

ስለዚህ ልምምዱን ይለውጡት። አንድ ዲስክ ብቻ ይያዙ። ከ5 ሜትር ይወርውሩ፣ ሄደው ያንሱ፣ ሌላ ማዕዘን ላይ ከ7 ሜትር ይቁሙ፣ ከዚያ ከ9። ከሳቱ የመልሱን ፓት ሳያስገቡ አይለፉ፤ ውድድር ላይ የሚያናድደው ያ የመልስ ፓት ነውና። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ይሠራል።

አሳሳቱንም ይዩ። ዲስኩ ዝቅ ብሎ የቅርጫቱን ጠርዝ እየመታ ከተመለሰ፣ በተለይ በዙሩ መጨረሻ፣ እግርዎ ደክሞ በክንድ ብቻ እየገፉ ነው። ጉልበትዎን በትንሹ ሸብረክ አድርገው ከእግር ይነሱ። ወደ ቀኝና ወደ ግራ ከተበተነ ግን እጅዎ ወደ ዒላማው ተዘርግቶ አልጨረሰም። ጣቶችዎ ሰንሰለቱን እያመለከቱ ይቅሩ።

ሁለት ሕጎች እዚህ ላይ ይገባሉ። ከቅርጫቱ 10 ሜትር ውስጥ ሲሆኑ፣ ወደፊት ከመራመድዎ በፊት ዲስኩ ያረፈበትን ቦታ ከሚያሳየው ምልክት ኋላ ሚዛንዎን ጠብቀው መቆም አለብዎ። ወደፊት ተንደርድረው ካለፉ ቅጣቱ አንድ ውርወራ ነው። ሚዛን ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይሸሻል፤ ቤት ውስጥ በአንድ እግር መቆምን መለማመድ ለፓትም ልምምድ ነው። ሁለተኛው፣ ተራዎ ደርሶ ከፊትዎ ያለው መንገድ ክፍት ከሆነ በኋላ 30 ሰከንድ አለዎት። 30 ሰከንድ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ በደንብ ለመተንፈስ ይበቃል።

የመጀመሪያው ግማሽ ጥሩ፣ ሁለተኛው ውድቀት

ቦርሳዎን ይክፈቱት። ሃያ ዲስክ ይዘው ከሆነ፣ ግማሹን ዛሬ አይነኩትም፤ ትከሻዎ ግን ሁሉንም ተሸክሟል። ከስምንት እስከ አስር ይበቃል። ጥም ሳይመጣ ውሃ ይጠጡ፣ በየመሃሉ ትንሽ ነገር ይቅመሱ። ከፊት ያለው ቡድን ሲያስጠብቅዎት አይቀመጡ፤ የቀዘቀዘ ወገብ ድንገት ሲጠየቅ እምቢ ይላል። ወዲያ ወዲህ ይበሉ፣ ትከሻዎን ያዙሩ።

ዛፍ ላይ ዛፍ

ይህ «ው» የሚለው ፊደል ነው። ዛፎች መካከል ጠባብ ክፍተት ያያሉ፣ ሙሉ ጉልበት ይለቃሉ፣ የመጀመሪያው ግንድ ይቀበልዎታል። መውጫውን በፓተር ወይም በሚድሬንጅ (ለመካከለኛ ርቀት በተሠራ ዲስክ)፣ ቆመው፣ ቀጣዩ ውርወራ ክፍት ወደሚሆንበት ቦታ ይወርውሩ። ጫካ ውስጥ ከገቡ ደግሞ በጎን ወደ ሜዳው መውጣት ውርደት አይደለም። ከኋላ ሆኖ «ጀግና ሁን» የሚል ጓደኛ የእርስዎን ውጤት አይጽፍም።

ነፋስም ውሳኔ ነው። ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ ዲስኩን ወደ ቀኝ ያዞረዋል፤ አጥብቆ ወደ ግራ የሚያጋድል ዲስክ ይምረጡ፣ ዝቅ አድርገውም ይወርውሩ። ከኋላ የሚገፋ ነፋስ ደግሞ ቶሎ ያወርደዋል፤ ለዚህ በቀላሉ የሚዞር ዲስክ ይሻላል።

ክርን ያማል

በውጭ በኩል ካመመ፣ ብዙውን ጊዜ ባክሃንድ በዝቷል ወይም ዲስኩን ከመጀመሪያው አንስቶ አንቀው ይዘውታል። እጅ መጥበቅ ያለበት ዲስኩ ሊወጣ ሲል ነው። በውስጥ በኩል ካመመ ፎርሃንድን (ከጎን በመዳፍ በኩል መወርወርን) ይጠርጥሩ። በሁለቱም መልሱ ማረፍና የውርወራውን ብዛት መቀነስ ነው፣ በሕመም ላይ መወርወር አይደለም። ጣት ከደነዘዘ፣ መጨበጥ ካቃተ ወይም ሕመሙ አልለቅ ካለ ወደ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይሂዱ። ከመጫወት በፊት 10 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድና ቀለል ባሉ ውርወራዎች መሞቅ ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል።

እየተሻሻልኩ ነው፣ ሬቲንጌ ግን አልነቃነቅ አለ

ፕሮፌሽናል ዲስክ ጎልፍ አሶሴሽን፣ በአጭሩ ፒዲጂኤ፣ ሬቲንግ፣ ማለትም የተጫዋቹን ደረጃ የሚያሳይ ነጥብ፣ የሚሰጠው በዋናነት ካለፉት 12 ወራት ዙሮች ነው። በቂ ዙር ካለዎት ከዙሮቹ መካከል የቅርቦቹ ሩብ እጥፍ ይመዝናሉ፤ የድሮዎቹ ግን አሁንም ይጎትታሉ። በተለመደ ባለ 18 ቅርጫት ሜዳ አንድ ውርወራ ወደ 10 ነጥብ ይጠጋል። ታዲያ ከዙር ሁለት ፓት ማትረፍ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጊዜ ይስጡት። የሚወዳደሩበትን ምድብም ይፈትሹ። የዕድሜ ምድቦች ከ40 ይጀምራሉ፣ ከዚያ 50፣ 60፣ 70 እያሉ ይሄዳሉ። የሚቆጠረው በፈረንጆቹ ዓመት ውስጥ የሚሞሉት ዕድሜ ነው። በዲሴምበር ሃምሳ የሚሞላዎት ከሆነ ከጃንዋሪ ጀምሮ ከሃምሳዎቹ ጋር መጫወት ይችላሉ።

ሳምንቱን እንዴት ላከፋፍል?

ሁለት ቀን ፓት፣ አንድ ቀን ሜዳ ላይ ድራይቭ (የርቀት ውርወራ)፣ አንድ ቀን ሙሉ ዙር፣ ሁለት ቀን ለእግርና ለወገብ ቀላል የጥንካሬ እንቅስቃሴ፣ አንድ ቀን ምንም። የድራይቭ ቀኑንና የሙሉ ዙሩን ቀን አያከታትሉ፤ ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ ነው የሚያገግመው። ውድድሩ ቅዳሜ ከሆነ ሐሙስና ዓርብ ድራይቨር አይንኩ፤ ፓተርዎን ብቻ ይዘው ይውጡ።