የጨርቅ ናስትሮ ሲያስቸግር፦ ከዶማ እጀታ እስከ አያት ውጅግራ

ባሕር ዳር ውስጥ ጥቁር የጨርቅ ናስትሮ ዛሬም አልፎ አልፎ ይታያል። የሳይክል መሪ ላይ፣ የዶማ እጀታ ላይ፣ የታንኳ መቅዘፊያ ላይ ታገኙታላችሁ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቆየ ጠመንጃ ሰደፍም ላይ ይገኛል። የጥጥ ጨርቅ ነው፤ የሚያጣብቅ የጎማ ውህድ ተነክሮበታል። በሁለቱም ፊቱ ይይዛል፣ በእጅም ይቀደዳል። የሚያብረቀርቀው የፕላስቲክ ናስትሮ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እስኪመጣ ድረስ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚጠቀለለው በዚህ ነበር። የሽቦውን ሥራ አሁን ለፕላስቲኩ ለቋል። ለእጅ መያዣ ግን ከፕላስቲኩ ይበልጣል ባይ ነኝ። ላብ ባለው እጅም፣ ከሐይቅ በወጣ እርጥብ እጅም አያንሸራትትም። የሚያስቸግረው ያለቦታው ወይም ያለአግባቡ ሲጠቀለል ነው።

ሲጨብጡት ይዞራል፣ ወደ ጫፍ ይሸሻል

መጀመሪያ እንጨቱን ጠርጥሩ። ዘይት የጠጣ ወይም ቫርኒሽ የተቀባ እጀታ ላይ ጎማው የሚጨብጠው ነገር የለውም። ቀጥሎ አጠቃለሉን እዩ፤ ላላ ብሎ የተጠቀለለ ናስትሮ ውሎ አድሮ መዞሩ አይቀርም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ አቅጣጫውን ነው።

አሮጌውን አንሱ። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉና አቧራውን ጥረጉ። እርጥብ ከሆነ ጥላ ውስጥ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ከእጀታው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ብረቱ ውጡ። ናስትሮውን ወጠር እያደረጋችሁ፣ እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ዙር ግማሽ ይሸፍን። የሳር ቤት ክዳን ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ እንደሚወጣው ማለት ነው። ምክንያት አለው። መጥረቢያ ስትሰነዝሩ ብረቱ ወደ ፊት ይጎትታል፣ እጃችሁም ወደ እጀታው ጫፍ ይንሸራተታል። ከጫፍ ከጀመራችሁ የናስትሮው ጠርዝ ሁሉ ወደ ጫፍ ይመለከታል፤ እጃችሁ ሲያልፍበት ያስተኛዋል። ከላይ ከጀመራችሁ ግን እጃችሁ ጠርዙን እየገለበጠ ይጠቀልለዋል። የመጨረሻውን ዙር ሳትወጥሩ አሳርፉት፤ በሲባጎ እሰሩት። ሲጨርሱ በመዳፍ እያሹ ማሞቅ ደግ ነው፣ ንብርብሩ አንድ ይሆናል።

የመጥረቢያ ዛቢያ ላይ ላይኛው እጅ እየተንሸራተተ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ታችኛው እጅ የሚይዝበትን ብቻ ጠቅልሉ፤ ሌላው ልሙጥ እንጨት ይሁን።

እጅ ያጠቁራል፣ ይጣበቃል

አዲስ ሲሆን ትንሽ ማጥቆሩ የባሕርይው ነው። የሕፃን ፓውደር ወይም የተፈጨ ጠመኔ ነስንሱበትና በጨርቅ እሹት፤ ላዩ ይረጋል፣ መያዙን ግን አይተውም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የቆመ ሳይክል ከሆነ ሙቀቱ ጎማውን አላልቶታል፤ ጥላ ፈልጉለት።

እንደ ቅባት ከቀለጠ ነገሩ ሌላ ነው። ዘይት፣ ግሪስ ወይም ናፍጣ ገብቶበታል ማለት ነው። እነዚህ ጎማን ያሟሟሉ። የጀልባ ሞተር የሚነካካ ሰው መሣሪያው ላይ ይህን ደጋግሞ ያያል። እንዲህ የሆነ ናስትሮ አይድንም፤ ተነሥቶ በአዲስ ይተካ።

ደርቆ ይሰነጣጠቃል

አርጅቷል። በላዩ ላይ አዲስ አትጠቅልሉ፤ የታችኛው ሲፈረፈር የላይኛውንም ይዞት ይሄዳል። በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ ትንሽ አቆዩበትና ላጡት። ይህን ውጭ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቃችሁ ሥሩ።

ከሥሩ ዝገት ወጣ

በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ጠመንጃ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጥጥ ውሃ ይጠጣል። ክረምት ላይ የሐይቁ ዳር አየር እርጥብ ነው፤ የእጅ ላብም ጨው አለው። አፈሙዝና እንጨት የሚያያይዘው ቀለበት ሲጠፋ ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ በናስትሮ ይጠቀልላል። ጨርቁ ያቺን እርጥበት ብረቱ ላይ ለጥፎ ያኖራታል። ከውጭ ሲታይ ጠመንጃው ደህና ነው፤ ሲገለጥ ግን ብረቱ ተበልቷል። የናስ ጌጥ ካለውም ይጠቁራል፤ በጎማ ውስጥ ያለ ድኝ ናስንና መዳብን ያጠቁራል።

ከምንም በፊት መቀርቀሪያውን ከፍታችሁ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ናስትሮውን በነጭ ጋዝ አላልታችሁ አንሱ፤ በቢላ አትፋቁ። ቀይ ዝገቱን ዘይት በነካ ቀጭን የብረት ሱፍ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ማኅተምና ቁጥር ያለበትን ቦታ አትፈግፍጉ፣ ጠመንጃው ከየት እንደመጣ የሚናገረው እሱ ነው። ከዚያ ስስ ዘይት ቀቡና ብረቱን ራቁቱን ተዉት። ቀለበቱን ባለሙያ ይሥራላችሁ። ናስትሮ ወደ ብረት አይመለስ።

ሰደፉ ተሰንጥቋል፣ ናስትሮው ግን ይዞታል

አልያዘውም፤ ሸፍኖታል እንጂ። ውጅግራን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. የ1874 የፈረንሳይ ሥሪት ጠመንጃ ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። ሲተኮስ ግፊቱ ወደ ኋላ የሚሄደው በሰደፉ አንገት በኩል ነው። እንጨቱም ቀጭኑ እዚያው ነው። ጨርቅና ጎማ ይለጠጣሉ፣ ስንጥቁም ከሥራቸው ይከፈታል ይዘጋል። የተሰነጠቀ ሰደፍ ያለው ጠመንጃ አይተኮስበት። ስንጥቁ በእንጨት ሙጫ ተሞልቶና ተጠፍንጎ እንዲደርቅ ለጥሩ አናጢ ስጡት።

ለዶማና ለመጥረቢያ ዛቢያ ደግሞ የአባቶቻችን ዘዴ አለ። ስንጥቁን በሙጫ ካያዛችሁ በኋላ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ጠፍር አጥብቃችሁ ጠምጥሙበት። ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እንጨቱንም አንቆ ይይዛል። ናስትሮ ይህን አይችልም። ስንጥቁ ከግማሽ ካለፈ ግን ወይራ ፈልጋችሁ አዲስ ዛቢያ አስገቡበት፤ የሚወረወር ብረት ሰው ይጎዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ናስትሮውን የጠቀለለው አርበኛ አያታችሁ ከሆነ፣ መጠቅለሉ ራሱ ታሪክ ነው። እንጨት ላይ ብቻ ካለና ብረት ካልነካ አታንሱት። ፎቶ አንሡት፣ ማን መቼ እንደጠቀለለው ጻፉና ከጠመንጃው ጋር አኑሩት።

የሽቦ መገጣጠሚያ ውሃ አስገባ

የጨርቅ ናስትሮ ብቻውን ውሃ አይከለክልም። ጀልባ ላይ መጀመሪያ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ናስትሮ ይጠቀለል፤ ጨርቁ ከመፋተግ እንዲከላከል ከላይ ይሁን።

የተረፈውን ጥቅል በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከፀሐይና ከነዳጅ አርቁት። ላዩ ደርቆ ካገኛችሁት ሁለት ሦስት ዙር ቀዳችሁ ጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ገና ይይዛል።