ሲቪዬ ላይ የነበረው የአራት ዓመት ክፍተት እንዴት ተሞላ

«እነዚህን አራት ዓመታት ምን ስትሠራ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ሦስት ቃለ መጠይቅ ላይ ላብ አጠመቀኝ። መልሴ «የአክስቴን ቤት እያየሁ» ነበር። ግድግዳ ላይ አፍጥጬ የከረምኩ ነው የሚያስመስለው።

እውነቱ ሌላ ነው። ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ያሉትን የአክስቴን 11 ሰርቪስ ቤቶች የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። አዋውላለሁ፣ ኪራይ እሰበስባለሁ፣ ክረምት ላይ ጣሪያ ሲያፈስ ጠጋኝ ፍለጋ እሮጣለሁ። በዚያ ላይ ለ11 ቤት አንድ ቆጣሪ! ምጣድ ያለውና የሌለው እኩል ይክፈል ሲባል ጠቡን አስቡት። በአምፖል፣ በምጣድና በፍሪጅ ከፋፍዬ ሠንጠረዥ አወጣሁ፤ በሩ ላይ ለጠፍኩት፤ ጭቅጭቁ ቀረ።

ታዲያ አሮጌውን ደብተር አወጣሁና ሲቪው ላይ «የኪራይ ቤቶች አስተዳዳሪ፣ የቤተሰብ ንብረት፣ ባሕር ዳር» ብዬ ጻፍኩ። የቤተሰብ መሆኑን አልደበቅኩም፤ መደበቁ ነው የሚያስጠረጥረው። «ጥሩ የመግባባት ችሎታ» የሚለውን ሰረዝኩት። በምትኩ «ውዝፍ የነበረባቸውን 3 ተከራዮች ያለ ክስ፣ በስምምነት አስከፍያለሁ» አልኩ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ኪራይም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ስለሚል፣ ወደዚያ አሠራር ማዞሬንም አንድ መስመር ሰጠሁት።

ምስክር ያደረግኩት ሁለት ዓመት የተከራየንን መምህር ነው። አክስት መቼም ልጇን አታማም።

አራተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ ክፍተቱን ያነሳ አልነበረም። ሰውየው የጠየቀኝ ስለ ቆጣሪው ነው። እሱም ተከራይ ነው ለካ።