መግቢያ በ10፣ መውጫ በ4፦ ሉድሎ ላይ ቤት ስትከራዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አጎቴ ከአዲስ አበባ ለንደን መጥቶ ነበር። ከለንደን ውጭ ያለውን እንግሊዝ እናሳየው ተባባልንና ሉድሎ ላይ ለአራት ሌሊት አፓርታማ ተከራየን። ሆቴል አይደለም። ቁልፉን በር ላይ ካለች የኮድ ሳጥን አውጥታችሁ ትገባላችሁ፤ ራሳችሁ ታበስላላችሁ፤ ራሳችሁ ታጥባላችሁ። ሉድሎ የጥንት የገበያ ከተማ ናት፤ ከዌልስ ድንበር ብዙም አትርቅም። አካባቢው ሽሮፕሻየር ይባላል። "ስሙ ውስጥ ሽሮ ካለማ አንራብም" አለች እናቴ።

አልተራብንም። ግን ብዙ ተሳሳትን።

ሰዓቱን በሀበሻ ማንበብ

የአከራይዋ መልእክት "መግቢያ 4፣ መውጫ 10" ይላል። እንዳለ ለአጎቴ ላክሁለት። እሱ ደግሞ በለመደው ሰዓት አነበበው፦ ረፋድ 4 ሰዓት እንገባለን፣ በመጨረሻው ቀን 10 ሰዓት ላይ እንወጣለን። ተገላቢጦሽ ነው። የፈረንጁ 4 የእኛ 10 ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው፤ የፈረንጁ 10 የእኛ ጠዋት 4 ሰዓት። እሱና እናቴ በባቡር ቀደሙን። እኛ በመኪና ስንደርስ ሁለቱም ከነሻንጣቸው ካፌ ለካፌ ሲዞሩ ውለዋል።

በእነዚያ ስድስት ሰዓታት ውስጥ ቤቱ ይጸዳል፣ አንሶላ ይቀየራል። ቀድማችሁ የምትደርሱ ከሆነ ሻንጣ ብቻ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ባቡሩም ከለንደን ቀጥታ አይሄድም፤ መንገድ ላይ መቀየር አለ። ሻንጣ ባይበዛ ይመረጣል።

በፎቶ ብቻ መወሰን

ፎቶው ላይ የሚያምረው ያ ጠቆር ያለ የጣሪያ ግንድ ግንባራችሁን የሚመታው ነው። አጎቴን ሁለቴ መታው። ደረጃው ጠባብና ጠመዝማዛ ነበር፤ የእናቴ ጉልበት ደግሞ ያው የእናት ጉልበት ነው።

ሉድሎ ውስጥ በታሪካዊነታቸው ተመዝግበው በሕግ የሚጠበቁ ወደ 500 የሚጠጉ ሕንፃዎች አሉ። ብዙዎቹ ከፊት ሲታዩ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጡብ ይመስላሉ፤ ከጀርባ ግን ከዚያ የቆየ የእንጨት ቤት ነው። ባለቤቱ ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ሳያገኝ መስኮቱንም ደረጃውንም እንዳሻው መቀየር አይችልም። ስለዚህ "ሊፍት የለውም እንዴ?" ብላችሁ አትናደዱ። ከመክፈላችሁ በፊት ደረጃው ስንት ነው፣ መደገፊያ አለው ወይ፣ መታጠቢያ ቤቱ ከመኝታው ጋር አንድ ፎቅ ላይ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከአሜሪካ የምትመጡ ደግሞ ልብ በሉ፦ እንግሊዝ ውስጥ "ፈርስት ፍሎር" ሲባል ምድር ቤቱ አይደለም፤ አንድ ፎቅ መውጣት አለ።

ጀበናውን ይዞ መሄድ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ትልቁ ጉዳችን ያለው እዚህ ነው።

ምድጃው ኢንዳክሽን ነበር። ኢንዳክሽን የሚያሞቀው ማግኔት የሚይዘውን ብረት ብቻ ነው። ሸክላ አያውቅም። ጀበናውን አስቀመጥነው፣ ምድጃው ጢጥ ጢጥ ብሎ ጠፋ። ደገምነው፣ ጠፋ። በመጨረሻ ቡናውን በብረት ድስት አፍልተን ጀበና ውስጥ ገልብጠን አሰከንነው። እናቴ ቀምሳ "ይሄ ቡና ነው ወይስ የእግር ውሃ?" አለች። በማግስቱ ግን ሦስት ስኒ ጠጣች።

መቁላቱ ሌላ ጣጣ ነው። የብረት መቁያው ኢንዳክሽኑ ላይ እሺ ብሎ ሠራ። እናቴ የተቆላውን ይዛ "እስቲ አሽትቱ" ብላ ሳሎን ስትገባ የጭስ አላርሙ ጮኸ። አንዱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት ብዙ ጊዜ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲጮህ ሁሉም ይጮሃሉ። የታችኛው ቤት ሰዎች ወጥተው መንገድ ላይ ቆሙ። አፈርን። አላርሙን በላስቲክ መሸፈን የሚያምራችሁ ካላችሁ ተዉት፤ ዕድሜው የገፋ የእንጨት ቤት ውስጥ ነው የምትተኙት። ቡናውን ቆልታችሁና ፈጭታችሁ ሂዱ። ዕጣኑን ቤታችሁ ተዉት፤ የቤቱ ደንብ ላይ ሻማና ዕጣን ክልክል ነው የሚል ሞልቷል።

የኤሌክትሪክ ምጣድም አታስቡ። የእንግሊዝ ሶኬት 13 አምፒር ነው፤ ከ3 ሺህ ዋት ብዙም አያልፍም። የአገር ቤቱ ትልቅ ምጣድ ከዚያ በላይ ይስባል። እንጀራውን ከለንደን ገዝታችሁ ያዙ። እርድ ስትነኩ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ነጩ የኩሽና ጠረጴዛ ላይ የቀረችው ቢጫ ነጠብጣብ ከመያዣ ገንዘባችን አስቆርጣናለች። ቅር አላለንም፣ የእኛው ጥፋት ነው።

ማሞቂያውን ሲበርድ መክፈት

የሄድነው ጥቅምት ላይ ነው። አሮጌ መስኮት ብዙ ጊዜ ነጠላ መስታወት ስለሆነ ብርዱ ይገባል። የቤቱ ማሞቂያ ስቶሬጅ ሂተር የሚሉት ዓይነት ነበር። ውስጡ ከባድ ጡብ አለ። ሌሊት ኤሌክትሪክ ሲረክስ ጡቡን ያግላል፣ ቀን ላይ ሙቀቱን ቀስ እያለ ይለቃል። ማታ በርዷችሁ ቁልፉን እስከ ጥግ ብታዞሩት የምታሞቁት ነገን ነው። እኛ ይህን ያወቅነው በሁለተኛው ሌሊት፣ ጋቢ ደርበን ነው።

መኪናውን በር ላይ ማሰብ

ብሮድ ጌት የምትባል የመካከለኛው ዘመን የከተማ በር አለች። ከነበሩት ሰባት በሮች የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ መኪና ዛሬም አንድ በአንድ ያልፍባታል። መንገዱ የተሠራው ለጋሪ ነው። ብዙ ቦታ መቆም የሚፈቀደው ለነዋሪ ብቻ ነው። አፓርታማው የራሱ ማቆሚያ ከሌለው ሻንጣ አራግፋችሁ መኪናውን ወደ ክፍያ ማቆሚያ ውሰዱ።

የገበያውን ቀን አለማወቅ

የመኪናውን የዕቃ መጫኛ ከለንደን ባመጣነው አስቤዛ ሞላነው። ፍሪጁ ደግሞ እስከ ወገቤ ናት። በማግስቱ ስንወጣ ገበያው ሉድሎ ካስል ከሚባለው የጥንት ቤተ መንግሥት ደጃፍ ላይ ተዘርግቷል፦ ዳቦ፣ አይብ፣ አትክልት፣ አሮጌ መጽሐፍ። የሚቆመው ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ነው። እሑድን አትመኑ፤ በሕጉ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች እሑድ የሚከፍቱት በጠቅላላ ለስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በፈረንጆቹ መስከረም ላይ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ በፈረንጆቹ 1995 የተጀመረ የምግብ ፌስቲቫል አለ፤ አልጋ ቀድማችሁ ያዙ።

ቤተ መንግሥቱ ስድስት ሚስት ያገባው የእንግሊዝ ንጉሥ የሄንሪ 8ኛ ታላቅ ወንድም አርተር በፈረንጆቹ 1502 ገና በ15 ዓመቱ የሞተበት ነው። አጎቴ ይህን ስነግረው "ታዲያ ያ ሁሉ ሚስት ማግባት የመጣው ከዚህ ነው በለኛ" አለኝ። አልተሳሳተም፤ ሄንሪ መጀመሪያ ያገባው የወንድሙን ሚስት ነው።

ሰኞ ጠዋት በ4 ሰዓት ቁልፉን ሳጥኗ ውስጥ መልሰን ወጣን። አጎቴ ባቡሩ እስኪደርስ ገበያ ገባ፣ አንድ ከዘራ አነሳና "የመጨረሻ ዋጋውን ጠይቅልኝ" አለኝ። ዋጋው ተለጥፎበታል፣ እዚህ አይከራከሩም አልኩት። "ጠይቅልኝ" አለ። ጠየቅሁለት። ሻጩ ከዘራውን አየ፣ አጎቴን አየ፣ አንድ ፓውንድ ቀነሰለት።