ተደጋጋሚ ቅርጽ ባለው ሲሙሌሽን መጠነ ሙቀትን በቀጥታ አለማመሳሰል

ድሬዳዋን ለመሰለ ሞቃት ከተማ የሚሆን የአየር ማቀዝቀዣ ቱቦ በኮምፒውተር ሲሙሌሽን የምትሠሩ ተማሪዎችና መሐንዲሶች፣ ቅርጹ እየተደጋገመ የሚሄድ ከሆነ አንዱን ክፍል ብቻ ወስዳችሁ መግቢያውን ከመውጫው ጋር ብታገናኙ ብዙ የስሌት ጊዜ ትቆጥባላችሁ። ይሁን እንጂ ፍጥነቱ በሁለቱ ጫፎች እኩል ቢሆንም መጠነ ሙቀቱ እኩል አይደለም፤ ግድግዳው እያሞቀው የሚያልፍ አየር ከገባበት ይልቅ ሞቆ ስለሚወጣ፣ ግድግዳው ቋሚ ሙቀት እየሰጠ ጫፎቹን በቀጥታ ያመሳሰለ ሰው ስሌቱ ሳይረጋጋ መጠነ ሙቀቱ ያለማቋረጥ ሲያሻቅብ ይመለከታል።

ግድግዳው የሚሰጠው ሙቀት ቋሚና የታወቀ ከሆነ፣ በፍሰቱ አቅጣጫ ያለውን ወጥ ጭማሪ ለይቶ ማውጣትና የቀረውን ብቻ ተደጋጋሚ ማድረግ ይገባል። ጭማሪው የሚገኘው በአንዱ ክፍል የሚገባው ሙቀት በሰከንድ ለሚያልፈው ክብደትና ለአየሩ የሙቀት አቅም (አንድ ኪሎ ግራም አየርን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት) ብዜት ሲካፈል ነው፤ ለምሳሌ በሰከንድ 0.02 ኪሎ ግራም አየር 50 ዋት ቢቀበል 2.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይሞቃል። (ለግፊት ተመሳሳይ እርምት እንደሚያስፈልግ ብዙዎች ያስታውሳሉ፤ የሚረሳው የሙቀቱ ነው።)

የግድግዳው መጠነ ሙቀት ቋሚ ሲሆን ግን የሚደጋገመው፣ አየሩ ከግድግዳው ያለው ልዩነት በዚያው ቦታ ላለው አማካይ ልዩነት ተካፍሎ የሚገኘው ውጤት ነው። የአየሩ እፍጋት ከሙቀቱ ጋር በጉልህ የሚለዋወጥ ከሆነ ሁለቱም መንገዶች አይሠሩም፤ ሙሉውን ቱቦ ማስላት ያስፈልጋል።