ውጤት የወጣ ቀን ምን ይባላል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ስልኬ አያርፍም። ደሴ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የክፍል ኃላፊም ነኝ። ብዙውን ጊዜ የሚደውሉት እናቶች ናቸው። «ቲቸር፣ በሩን ዘግቶ ተኝቷል። ምን ልበለው?» ይሉኛል። የምመልስላቸውን እዚህ ልጻፈው።

የዚያን ቀን ማታ ምክር አይገባም። እራቱን አቅርቡለት። እምቢ ካለ «ሲርብህ ምድጃው ላይ አለልህ» ብላችሁ ውጡ። አጎት ደውሎ «ስንት አመጣ?» ሲል «እሱ ሲፈልግ ይነግርሃል» በሉት። ልጁ ተኝቶ አይደለም፤ እያንዳንዷን ቃል ይሰማል። ለእሱ ከተናገራችሁት ይልቅ ስለ እሱ ለሰው የተናገራችሁት ነው ልቡ ውስጥ የሚቀረው።

«ድሮም ስልክ ላይ ተጥደህ ስትውል ነግሬሃለሁ» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሌላ ቀን ይቆይ። «የእነ እከሌ ልጅ እኮ አለፈች» ግን ለሌላ ቀንም አይሁን። «ለበጎ ነው»ን እኔ በበኩሌ አልወደውም። አያት ዱዓ አድርጋ ወይም ተሳልማ መጥታ ብትለው ያምርባታል። ከአስተማሪ አፍ ሲወጣ ግን «በቃ፣ ሂድልኝ» ይመስላል።

«ብቻህን አይደለህም» ማለት ከፈለጋችሁ ማስረጃ ይኑራችሁ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ማለፊያውን፣ ማለትም 50 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍላቸው አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ። ቁጥሩ ኀፍረቱን ያቀላል፤ መንገድ ግን አያሳይም። ስለዚህ ቀጥላችሁ ጠይቁ፦ «ሪሚዲያል (ካላለፉት የተመረጡ የሚወስዱት የማካካሻ ትምህርት) ቢደርስህ ትገባለህ? ወይስ በግል ደግመህ መፈተን ይሻልሃል? ቴክኒክና ሙያስ አስበህ ታውቃለህ?» ጠይቃችሁ ዝም በሉ። መልሱን እናንተ ከሞላችሁለት ጥያቄ መሆኑ ቀረ።

ሙገሳ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለወደቀች ልጅ «አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ» ብትሏት ያሾፋችሁባት ነው የሚመስላት። በዓይናችሁ ያያችሁትን ነገር ጠቅሳችሁ ንገሯት። አንዷ ተማሪዬ ሰርተፊኬቷን ልትወስድ መጥታ ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም። «ፕሮባቢሊቲ ለክፍሉ አልገባ ሲል በሁለት የጠርሙስ ክዳን ያስረዳሽው አንቺ ነሽ። እኔም አሁን በእሱ ነው የማስተምረው» አልኳት። «ቲቸር፣ እሱን ያስታውሱታል እንዴ?» አለች። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሪሚዲያል ማውራት የጀመርነው። እንዲህ ያለ ነገር ትዝ ካላላችሁ አትፍጠሩ። ልጆች የውሸት ሙገሳን ቶሎ ይለያሉ። «አይዞሽ፣ አለሁልሽ» ብቻ ይበቃል።

ለራሳችሁ ስትናገሩም ያው ነው። ልጆቹን ሆዳቸው ውስጥ የሚመላለሰውን ቃል ወረቀት ላይ አጽፋቸዋለሁ። አብዛኞቹ «ደደብ ነኝ» ብለው ይጽፋሉ። ከሥሩ የሆነውን ብቻ ጻፉ እላቸዋለሁ፦ «ፊዚክስ 31 አመጣሁ። ኤሌክትሪክ ላይ ያለው አልገባኝም። እንግሊዝኛ 58 ነው።» በመጀመሪያው ምንም መሥራት አይቻልም። በሁለተኛው ግን የሚከፈተው ምዕራፍ ታወቀ። እዚያው ላይ «ቅዳሜ ጠዋት ኤሌክትሪክን ከጓደኛዬ ጋር» ተብሎ ይጨመራል። ግድግዳ ላይ «እችላለሁ!» ብሎ መለጠፍም አለ፤ አልከለክልም፣ ግን ሳምንት ሳይሞላው ዓይን ይለምደዋል።

አንቺ ወይም አንተ ያለፋችሁ ከሆነ፣ ለቀረው ጓደኛ «አይዞን፣ ሁሉም ያልፋል» ብቻ ጽፎ መላክ አይበቃም። ሰዓትና ቦታ ያለው ነገር ላኩለት፦ «ነገ 10 ሰዓት ፒያሳ ሻይ እንጠጣ። ስለ ውጤት ካላነሳህ አላነሳም።» ካልመለሰ በማግሥቱ ድገሙለት። የዩኒቨርሲቲ ምደባችሁን ፎቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፉ ጥቂት ቀን ቢዘገይ ምንም አይጎድልባችሁም። ሻዩን ደግሞ ያለፈው ይክፈል።